ውሃ ሳይመጣ የሚናገር ቧንቧ

ከተመለስኩ ወዲህ ድሬ ደዋ፣ ከዚራ ያሉ ጎረቤቶቼ «አዲስ አበባ እንዴት ነች?» እያሉ ይጠይቁኛል። አዲስ አበባን ያየኋት በሚኒባስ መስኮት ነው። እኔ የዞርኩት ዳር ዳሯን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ነው። የድሬ ደዋ ሰው ሻንጣውን ይዞ ለሽርሽር የሚነሳላቸው ከተሞች አይደሉም። እኔም የሄድኩት ለሥራ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ተመልሻለሁ፤ ጉዞው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከጀማል ጋር ትንሽ ወርክሾፕ አለችን። እሱ ነሐስ ያቀልጣል፣ እኔ እነድፋለሁ። የምንሠራው የኩሽና ቧንቧ አፍ ላይ የሚጠመዘዝና ውሃውን በትኖ የሚረጭ ራስ ነው። ሳህን ላይ የደረቀ ወጥ የሚለቀው በውሃ ብዛት እንዳይመስላችሁ፤ ወሳኙ ውሃው የሚመታበት ስለት ነው። ስለዚህ ክብ ክብ ቀዳዳዎቹን ትቼ ቀጫጭን ስንጥቅ አደረግኳቸው፤ ውሃው እንደ ቢላ ተጠፍጥፎ ይወጣል። ከስንጥቆቹ ኋላ ደግሞ ግፊት ሲበረታ የምትጠብ፣ ሲደክም የምትላላ የላስቲክ ምላስ አስቀመጥኩ። ውሃ የምትቆጥበው እሷ ናት። የኛ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ክብ ቀዳዳ ቶሎ ይደፈንብናል፤ አዲሷ ግን እኔ ቤት ወራት ሠርታ አልተደፈነችም።

ሰበታ ምግብ ቤት ላላት የአክስቴ ልጅ ለአስካለ ሦስት ራሶች ላክሁላት። አንዷን ራሷ ገጠመቻት፤ ሁለተኛዋን ቡራዩ ለምትኖር የቀድሞ ወጥ ሠሪዋ፣ ሦስተኛዋን ከሱሉልታ ቅቤ ለሚያመጣላት ነጋዴ ሰጠች። ከዚያ አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«እቃሽን ነይና ውሰጂ» አለችኝ።

«አይሠራም?»

«ይሠራል። ሥራው ሸጋ ነው። ግን ነይና ውሰጂው።»

ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ

ባቡሩ የሚነሳው በጠዋት ነው። ፍተሻው ላይ መለዋወጫ ብዬ የያዝኳቸውን ራሶች አዩብኝ። ፈታሹ አንዷን በጣቱ አንጠልጥሎ «ምንድነች ይቺ?» አለ።

«የቧንቧ ራስ ናት። ውሃ ትረጫለች።»

ወደ ዓይኑ አስጠጋትና በስንጥቆቹ ውስጥ ብርሃን አየ። ቀጥሎ ወደ ጆሮው ወሰዳት። ለምን ወደ ጆሮው እንደወሰዳት እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለና ሳያየኝ መለሰልኝ።

መንገዱን ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ግማሹ የኛው አገር ነው፤ ግራር፣ ግመል፣ አቧራ፣ በመስኮት የሚገባ ትኩስ አየር። አዋሽን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ሰው ሁሉ ከየቦርሳው ሹራብ ማውጣት ጀመረ። እኔ የያዝኩት አንድ ሻሽና ስስ ሽርጥ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ድሬ ነሽ አይደል?» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝ።

ከባቡሩ ወርጄ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ስደርስ ዝናቡ እየጣለ ነበር። እኛ ጋ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሊያየው ይወጣል፤ እዚህ ቀና ብሎ ያየው የለም። የፋብሪካ ሠራተኞች ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አስካለ ደጅ ድረስ ወጥታ አቀፈችኝና የሚንተከተክ ተጋቢኖ ሽሮ አቀረበችልኝ። ስለ ቧንቧው ስጠይቃት «መጀመሪያ ብዪ» አለችኝ። በልቼ ስጨርስም «መጀመሪያ ተኚ» አለችኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ኩሽናው ገባሁ። ራሷ ቧንቧው ላይ አለች፤ ግን በፌስታል ተጠቅልላ በላስቲክ ተጠፍራለች። የታፈነ ሰው ትመስላለች። ፈታኋትና ከፈትኩት። ውሃ ስለነበር አማረባት። ሽሮ ያረረበትን ሸክላ አንዴ አዞርኩባት፤ ቅርፊቱ ተላጦ ወደቀ። ድሮ በሁለት ባልዲ የሚታጠበው ዕቃ በአንድ ያልቃል ስትል አስካለ ራሷ መሰከረች።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

ዕቃ የምታጥበው ምሕረት የምትባል የሀዲያ ልጅ ናት። አስካለን አየቻት፤ አስካለ ራሷን ነቅንቃ ፈቀደችላት።

«ውሃ ሳይኖር ከፍተን ስንተዋት…» አለች ምሕረት፣ «ሴትዮ ትተነፍስባታለች።»

«አየር ነዋ።»

«እኔም አየር ነው ብዬ ነበር፣ እትዬ። ግን አየር ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። ይቺ ስባ፣ ቆይታ ነው የምታወጣው። ልትናገር እንዳለች።»

አስካለ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከኩሽናው በር አላለፈም።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ሄደ። ቧንቧውን ከፍቼ ጠበቅኩ። ምሳ የሚበሉት ሰዎች ወሬ ከበሩ ማዶ ይሰማኛል፣ የማንኪያው፣ የወንበሩ ድምፅ። ቧንቧው ግን ጸጥ አለ። መሳቅ አማረኝ። ሄጄ ለአስካለ ልነግራት ዘወር ስል፣ ልክ ከአንገቴ ኋላ፣ አንድ ትንፋሽ ሰማሁ። ተሳበ። ቆየ። ወጣ።

ዞር አላልኩም፤ ቀጥ ብዬ ወደ ሰዎቹ ሄድኩ።

ረቡዕ

ወደ ቡራዩ ለመሄድ ወደ ከተማው ገብቶ መውጣት ግድ ነው። ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ወደ አስኮ እየተቀያየርኩ ሄድኩ። ቡራዩ ስወርድ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አንድ ጫማዬ ተውጦ ቀረ። ድሬ ደዋ በነጠላ ጫማ ዓመቱን ሙሉ ይኬዳል፤ እዚህ ጭቃው እግር ይይዛል። አንድ መንገደኛ ቆሞ በእንጨት ቆፍሮ አወጣልኝና ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ።

የአስካለ የቀድሞ ወጥ ሠሪ ታደለች ትባላለች። እሷና ባሏ ማርቆስ ከወላይታ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግንበኛ ነው፣ እሷ አሁን ፋብሪካ ትሠራለች። አንድ ክፍል ቤትና ከጎኗ በቆርቆሮ የተከለለች ኩሽና አላቸው። ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው ከድሬ ሚጥሚጣ በልጦ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ማርቆስ ሲስቅ ታደለች ውሃ ልትሰጠኝ ተሯሯጠች፤ ከጀሪካን ቀድታ።

«ቧንቧው የለም እንዴ?» አልኩ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«የጸሎት ሰዎች መጥተው ነበር» አለ ማርቆስ በመጨረሻ። «ኩሽናው ውስጥ ቆመን ዘመርን። ስንዘምር ውሃው መጣና ድምፁ ዝም አለ። በሳምንቱ ግን ተመለሰ።»

«ምን ይላል?»

ታደለች ነጠላዋን አጠበቀች። «በኛ ቋንቋ እናትን ‹አዬ› ነው የምንለው። እሱን ይላል። እኛ ደግሞ ልጅ የለንም፣ እህቴ። ማነው ታዲያ አዬ የሚለኝ?»

የዚያን ቀን ውሃ የሚመጣበት ፈረቃ ነበርና አብረን ኩሽናው ውስጥ ቆምን። ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ ያ የሰበታው ትንፋሽ መጣ። ቀጥሎ ከውስጡ ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት፤ ከፍ ይልና ይወርዳል። ታደለች የባሏን እጅ ያዘች። እኔ የሠራሁት እቃ ነው፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ በመጋዝ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያም ሆኖ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ንጹሕ ውሃ ተከተለ።

ፈታኋትና ደጅ ወጥቼ በአፌ ነፋሁባት። የላስቲክ ምላሷ ተንቀጠቀጠች። ገባኝ። እኛ ሰፈር ሜዳ ነው፤ ውሃ ሲሄድ ቧንቧው እንደ ደረቀ ይቀመጣል። እነዚህ ከተሞች ዳገት ላይ ናቸው፤ ውሃው ሲሸሽ አየር ይስባል፣ መልሶ ከታች ሲገፋ መስመሩ ውስጥ የከረመውን አየር ሁሉ ከፊቱ ይነዳዋል፤ ያ አየር በኔ ላስቲክና በኔ ስንጥቅ መካከል ነው የሚያልፈው፤ ሰው በከንፈሩና በጉሮሮው እንደሚያደርገው። እኔ በውሃ ሞክሬያት ነበር። በአየር አልሞከርኳትም።

ይህን ስነግራቸው ማርቆስ እፎይ አለ። ላስቲኩን አውጥቼ መልሼ ልገጥምላቸው ስል ታደለች «ይቅር፣ ውሰጃት» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሱሉልታ ቶሎ ሂጂ። ያ የቅቤ ነጋዴ፣ ገመቹ፣ ‹የእናንተም ይናገራል ወይ?› ብሎ ደውሎልኝ ነበር። እናቱ ቅዳሜ ድንኳን ልታስተክል ነው አለኝ።»

«የምን ድንኳን?»

«የለቅሶ።»

ሐሙስ

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የእንጦጦን ትከሻ ሲወጣ ጉም ዋጠን። ሹፌሩ አንገቱን ከመስኮቱ አውጥቶ ነው የሚነዳው። ጉም እኔ በሥዕል ነው የማውቀው። ሱሉልታ ስወርድ ፈረሶች ሲያሽካኩ ይሰማኛል፤ አንዳቸውንም አላይም። የገለባ ክምር ቤት መስሎኝ ሰላምታ ልሰጥ ቀርቤ ነበር።

ገመቹ በጋሪ ተቀበለኝ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መንገድ ላይ ነገሩን አጫወተኝ። ታናሽ እህቱ ጫልቱ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄዳለች። ትደውል ነበር። ኩሽናውን ያሠሩት፣ ቧንቧውንም ያስገቡት በላከችው ነው። ከአምናው ክረምት በኋላ ግን ስልኳ ጠፋ። ወሬዋም ጠፋ።

«እኛ በሕይወት አለች ነው የምንለው» አለኝ። «እማማም እንደዚያ ነበር የምትለው፤ ይሄ እቃሽ እስኪገባ።»

«ምን ይላል የእናንተው?»

«አዮ።»

ኦሮምኛውን አውቀዋለሁ፤ ድሬ ያሉ ጎረቤቶቼም እናታቸውን አዮ ይላሉ።

«ድምፁ ደግሞ የጫልቱ ነው» አለ ገመቹ፣ ፈረሱን እያየ። «ልዋሽሽ አልችልም። የሷ ነው።»

እናትየው፣ አደ ወርቄ፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ራሳቸውን ተላጭተዋል። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን ሁለት እጆቼን ያዙና ሳሟቸው።

«በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ልጄ። እንኳን ደህና መጣሽ። ልጄን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ባለቤታቸው ኦቦ ቱሉ በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀሉ ወደ እሳቱ አስጠጉኝ። በሐረርጌ ኦሮምኛ ስመልስላቸው ከልባቸው ሳቁ፤ «ይቺ እንደ ግመል ነጋዴ ነው የምታወራው!» አሉ። እርጎና ጨጨብሳ ቀረበ። ስንቀጠቀጥ አይተው ወፍራም ቡልኮ ደረቡልኝ። ደግነታቸውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። በዚያ ሁሉ መሐል ግን አደ ወርቄ እየተነሱ ወደ ኩሽናው ይሄዳሉ፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ይመለሳሉ። የታመመ ሰው ተኝቶ የሚጠየቅበት ቤት ይመስል ነበር።

ዓርብ

ስነቃ ጉሙ አልተነሳም። አደ ወርቄ ኩሽናው ውስጥ በርጩማ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ቧንቧው አዙረው ተቀምጠዋል። ኦቦ ቱሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ገመቹ ለኔም በርጩማ አመጣልኝ።

ትንፋሹ መጣ። ከዚያ፣ «አ… ዮ…»

የቡራዩው ዓይነት አልነበረም። ይሄኛው የመጀመሪያውን ረዘም አድርጎ፣ መሐል ላይ እንደ ሳግ ሰበር ብሎ ነው የሚጨርሰው። ሳላስበው ተነስቼ ቆምኩ። ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አዮ» አለ ደግሞ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛው ላይ ውሃ መጥቶ ሸፈነው። አደ ወርቄ ተነስተው በዚያ ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» አሉኝ። «ውሃው ይመጣና አፏን ይዘጋታል። ምን ሆና እንደሞተች አሁን አልገባሽም? ውሃ ነው የበላት።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እናቴ፣ ይሄ እቃ የኔ ሥራ ነው። ውስጡ ላስቲክ አለ፤ አየር ሲያልፍበት ይንቀጠቀጣል። እዚህ ብቻ አይደለም። ሰበታም ቡራዩም ድምፅ አለው።»

«ሰበታ ምን ይላል?»

«ይተነፍሳል።»

«ቡራዩስ?»

«አዬ ይላል። በወላይትኛ እናት ማለት ነው።»

አደ ወርቄ ራሳቸውን በእርጋታ ነቀነቁና ወደ ባላቸው ዞሩ። «አየህ? እኔን ስትፈልግ ቤት እየሳተች ነበር።»

ያለኝ መላ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሷን ፈትቼ በፊታቸው ነፋሁባት። የወጣው ድምፅ የጥሩንባ ቁራጭ ነው። ቀስ ብዬ ነፋሁ፣ በኃይል ነፋሁ፣ ከጎማ ቱቦ ጋር አያይዤ ነፋሁ። አንዴ እንደ ፍየል ጮኸ፣ አንዴ እንደ ንብ። «አዮ» ግን አላለም። አደ ወርቄ በእናት ፈገግታ አዩኝ፤ «አትልፊ፣ ልጄ። ያ የሷ አይደለም» አሉኝ።

ምሳ ላይ ኦቦ ቱሉ ነገሩ የደረሰበትን ነገሩኝ። ቄሱ ያለ ማስረጃ ፍታት አልፈታም ብለዋል። አደ ወርቄ ግን ቄሱ ባይፈቱም እኔ አለቅሳለሁ ብለው ለእድሩ ነግረዋል፤ ነገ ጠዋት ድንኳኑ ይመጣል።

«አንዴ ከተለቀሰላት አበቃ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ነገ በሕይወት ብትመጣ በዚህ መንደር ምን ሆና ትኖራለች? የሞተች ሆና?» እጃቸው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «እኔም ደግሞ እሰማታለሁ። ያ ነው ያቃተኝ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ አደ ወርቄ ሄድኩና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኳቸው። «ይቺን ራስ ላውጣና ከያዝኳቸው መለዋወጫዎች ላስቲኳን ያወጣሁላትን አንዷን ልግጠም። ቧንቧው ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው። ነገ ጠዋት ጫልቱ በሷ ከተናገረች እኔም ከእናንተ ጋር ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ካልተናገረች ግን ድንኳኑ ይመለስ፤ ይጠብቋት።»

«ልጄ ከሆነች በማንኛውም ትናገራለች» አሉ። «ግጠሚው።»

የወጣችውን ራስ ከእጄ ተቀበሉኝ፤ በቀሚሳቸው አድርቀው በጨርቅ ጠቀለሏትና እቅፋቸው ውስጥ አኖሯት።

ቅዳሜ

የእድሩ ሰዎች በጋሪ መጡ። የድንኳኑን ብረት ደጅ አራግፈው እስኪታዘዙ ቆሙ። ጉሙ ውስጥ ግማሽ አካላቸው ብቻ ነው የሚታየው። «አካም ቡልታን?» እያሉ አንድ በአንድ ሰላም አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም፤ ለቀስተኛ መስያቸው ይሆናል።

ኩሽናው ውስጥ አራታችን ነበርን፤ አደ ወርቄ፣ ኦቦ ቱሉ፣ ገመቹና እኔ። ቧንቧው ተከፍቷል። ደጅ አንድ ብረት ከሌላው ጋር ሲጋጭ ገመቹ ወጥቶ ዝም አሰኛቸው። ተመልሶ ከእኛ ጋር ቆመ። እኔ ራሴ ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ብትናገርስ? ብትናገር እኮ ያ ሁሉ ስለ ላስቲክ ያልኩት ከንቱ ነው።

አየሩ መጣ። ሽ… አለ፤ ገለባ ላይ እንደሚሄድ ነፋስ። ምንም ቃል የለውም። አደ ወርቄ ወደ ፊት አዘነበሉ፤ ከንፈራቸው «አዮ» የሚለውን ቅርጽ ያዘ፤ ልጅ ቃል ሲጠፋት እንደሚያግዝ ሰው። ሽ… ብቻ። ከዚያ ውሃው ያለ ምንም ድምፅ መጣና ወረደ።

ውሃው ይፈሳል፤ የሚዘጋው ሰው የለም።

«አሁን ነው የሞተችው» አሉ አደ ወርቄ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እስከ ትናንት ነበረች። አሁን ገደልሽብኝ።»

«ወርቄ…» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«ቃል ሰጥቻለሁ። ድንኳኑን ይመልሱት።» ተነሱና ቧንቧውን በራሳቸው እጅ ዘጉት። ከዚያ ያቺን በጨርቅ የተጠቀለለች ራስ ከእቅፋቸው አውጥተው ሰጡኝ። ነሐሱ የሰው ሰውነት ሙቀት ነበረው። «አደራ» አሉኝ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን መልሰው ጫኑ። ኦቦ ቱሉ ጋሪው ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ቆመው አዩትና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ይስቁ ይሁን ያልቅሱ አላወቅሁም። ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ አከበሩኝ፤ አደ ወርቄም ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤውን በጃቸው አድርገው አበሉኝ። ወደ ኩሽናው ግን ሌላ ሰው ነበር የሚልኩት።

እሑድ

ገመቹ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ቡልኮውን ልመልስለት ስል «እማማ ስጧት ብላለች» አለኝ። ናዝሬትን አልፈን ሙቀቱ ሲመለስ ሰዎች ሹራባቸውን አወለቁ። እኔ ቡልኮውን አልገፈፍኩም፤ ላቡ በጀርባዬ እየወረደ እስከ አዋሽ እንደዚያው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ወባ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ድሬ ደዋ ገብቼ ለጀማል ሁሉንም ነገርኩት። ላስቲኳን ትተን በምትኳ ጠበብ ያለ መተላለፊያና ትንሽ ወንፊት አደረግን። ከድሮዋ ትንሽ ይበልጥ ውሃ ትወስዳለች፤ ማጠቡን ግን አልቀነሰችም። አሁን እያንዳንዷን ራስ በውሃ ብቻ አንሞክርም፤ በአየር መጭመቂያ እንነፋባትና ሁለታችንም ጆሯችንን አስጠግተን እናዳምጣለን። ሰው ሲያየን ይስቃል። አስካለ አዲሷን ገጥማ ምሕረት ሳትፈራ ብቻዋን ታጥባለች፤ ታደለችም በመጨረሻ አንዷን ተቀብላለች። የድሮዎቹን ግን ጀማል አንድ ላይ አቅልጦ ለአዲሶቹ አደረጋቸው። የሱሉልታዋም እዚያው ውስጥ ነበረች። ሲጨምራት አይቻለሁ፤ አላስቆምኩትም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ገመቹ ደወለ። ከመጮኹ የተነሳ ቃሉ አይለይም።

«ጫልቱ ደወለች! አለች! አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ነበር፤ አምልጣ ሌላ ቤት ገብታለች! ትመጣለች፣ ወረቀቷ እየተሠራ ነው!»

ጀማልን ጠራሁት፤ እልል አልኩ፤ ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ኦቦ ቱሉ ስልኩን ተቀብለው በኦሮምኛ መረቁኝ፤ ግማሹ ለቅሶ ነው። ከዚያ ገመቹ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እማማ ልታናግርሽ ትፈልጋለች» አለኝ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ?» አሉ አደ ወርቄ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ!»

«አዎ፣ አንዲት ልጅ ደውላለች» አሉ። «ድምጿ ወፍራም ነው፣ የሻከረ። ሁሉን ታውቃለች። የላሚቱን ስም ታውቃለች፣ የገመቹን ጠባሳ ታውቃለች። ጫልቱ ነኝ ትላለች። እሺ አልኳት። ምን ላድርግ፣ የሰው ልጅ ናት፣ ታለቅሳለች። ትምጣ፣ ቤቴ ቤቷ ነው። የኔዋ ግን አንቺ ጋ ናት።»

የጀማል ምድጃ ከኋላዬ ያገሳል።

«እዚያ ትናገራለች?» አሉኝ።

«አትናገርም፣ እናቴ።»

«አገራችሁ ሙቀት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። በጣም ይሞቃል።»

«እንግዲያ አይበርዳትም» አሉና ስልኩን ለልጃቸው መለሱለት።